የእንግዳው ድስት

የቢቸናው ሙዚየም አንድ አዳራሽ ነው። ዱሮ የእህል መጋዘን ነበርና ዛሬም ክረምት ሲገባ ግድግዳው ጤፍ ጤፍ ይሸታል። አስጎብኚውም፣ መዝጋቢውም፣ ጠራጊውም አንድ ሰው ነው፤ እፀገነት። ደመወዝ የሚከፈላት ለማስጎብኘቱ ነው፤ መጥረጉ ምርቃት ነው።

በገበያ ቀን ቤቱ ይሞላል። ገበሬው አህያውን ከደጅ አስሮ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ይገባል። ልጆቹ ወደ ግራሞፎኑ ይሮጣሉ፤ እናቶች የብር ድሪውን እያዩ የማን አያት ምን ያህል እንደነበራት ይከራከራሉ፤ አባቶች ሞፈርና ቀንበሩ ፊት ቆመው ይስቃሉ። አንዱማ «ይኸ ሙዚየም ከሆነ የኔ ቤት ቤተ መንግሥት ነው» ብሎ አዳራሹን ሙሉ አስቆታል። ዋጋ ጠይቆ «ቀንሽልኝ» የሚልም አይጠፋም። እፀገነት ይህን ሁሉ ትወዳለች። ሰው የዱሮ ዕቃ ሲያይ አፉ ይፈታል፤ አፉ የተፈታ ሰው ደግሞ ለእሷ ዓመት በዓሏ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጠያቂ ናት። እናቷ «አንቺ እኮ ለቀብር ብትሄጂ ሬሳውን ለምን ሞትህ ብለሽ ትጠይቂያለሽ» ይሏት ነበር።

ከዕቃው ሁሉ ግን አንዱ ዕረፍት ነሥቷታል። ቁጥር አርባ ሦስት፣ የሸክላ ድስት ከነክዳኑ፣ ከአንድ ጣባና ከአንድ ማማሰያ ጋር። ያመጣላት አስናቀው የሚባል መምህር ነው። እናቱ ለንግሥ መርጡለ ማርያም ሄደው ሳለ ቤት ሲያጸዳ፣ ከቆጥ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘውና ለሙዚየሙ ሰጠ። ድስቱ አሮጌ ነው፤ አሠራሩ የዛሬ አይደለም። ታችው ግን ጥቀርሻ አልጠገበም። አልፎ አልፎ ብቻ እሳት ቢያይ ነው። ሰው ድስት ገዝቶ ለምን አይሠራበትም? ለጌጥ ነው እንዳትል ጌጥ የለበትም። እፀገነት አገላብጣ አይታው መልስ ስታጣ፣ «የሸክላ ድስት። የወይዘሮ ታንጉት ቤት ዕቃ።» ብላ ጻፈችና መስታወት ውስጥ አስቀመጠችው።

አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ ታንጉት ራሳቸው መጡ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ግራሞፎኑን አላዩ፣ ድሪውን አላዩ፤ ቀጥ ብለው ድስቱ ፊት ቆሙ።

«ይችን ጽሑፍ አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ። ምነው ስሕተት አለባት?»

«ስሜን ጠርተሽ የእሷ ነው ብለሻል። የኔ አይደለም።»

«ልጅዎ ነው እኮ ከቤታችሁ ያመጣው።»

«ልጄ ምኑን ያውቃል። የእንግዳ ነው።»

«የትኛው እንግዳ?»

ወይዘሮ ታንጉት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መልስ ሳይሰጣት የወጣ ሰው እፀገነትን እንደ ጥርስ ሕመም ነው የሚያደርጋት። ሳምንቱን ሙሉ ከሴትዮዋ ጋር በሐሳቧ ስትሟገት ሰነበተች።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጡ። በሚቀጥለውም። አይናገሩም፤ ድስቱን አይተው ይሄዳሉ። በአራተኛው እፀገነት ዱካ አመጣችላቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ታንጉት፣ ካስፈለገዎ ደብዳቤ ጽፌ ድስቱን አስመልስልዎታለሁ።»

«አታስመልሽው። ቤት እያለ እንቅልፍ አይሰጠኝም። እዚህ ሲሆን ደግሞ የገባው ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኛል።»

«ምኑን ነው የሚያውቅብዎ?»

ወይዘሮ ታንጉት ዙሪያቸውን አዩ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የቆዳውን ስልቻ ዋጋ እየገመቱ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት።

ነገሩን ለማያውቅ እንዲህ ነው። በእኛ አገር የሙስሊም ወዳጅ ያለው ክርስቲያን ቤት፣ የወዳጁ ዕቃ ለብቻው ይቀመጣል። እንግዳው ሲመጣ ዶሮውን ራሱ ባርኮ ያርዳል፤ የቤቱ ሴት በእሱ ድስት ትሠራለታለች፤ በእሱ ጣባ ይበላል። የቤቱ ሰው ከዚያ ሥጋ አይቀምስም፤ የቤቱ ሥጋም ያንን ድስት አይነካም። ሙስሊሙም ቤት ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ ነው። ሥጋው ለየብቻ ይሁን እንጂ ጨዋታው አንድ ላይ ነው።

ወይዘሮ ታንጉት ይህን አያውቁም ነበር። የተወለዱት ከየጁቤ ወዲያ ቆላ ነው፤ በአባታቸው ቤት የሙስሊም እንግዳ ገብቶ አያውቅም። በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ቢቸና ተዳሩ።

«ሠርጌ ሦስት ወር አልሞላውም» አሉ። «የጥምቀት ማግስት ሥጋ ልቀቅል ስል የቤቱ ድስት እሳት ላይ ሁለት ቦታ ሆነ። የባሌ እናት እማማ ስርጉት ነፍሳቸውን ይማረውና ቁጡ ነበሩ። ሙሽራዪቱ ድስት ሰበረች እንዳልባል ገሉን ጓሮ ቀበርሁት። ድስቱን ጎረቤት ተዋሰው አልሁ። ከቆጥ ላይ ያንን አወረድሁ። በጨርቅ የተጠቀለለው ለዓመት በዓል የሚወጣ ምርጥ ድስት ስለሆነ መሰለኝ። ቀቀልሁበት፤ አጠብሁት፤ መልሼ ጠቀለልሁት።»

«ከዚያስ?»

«በሦስተኛው ቀን የሞጣው ጋሼ አብዱ ከነበቅሎዎቻቸው ከተፍ አሉ። የባሌ አባት የአቶ ጓዴ ወዳጅ ናቸው፤ ጨርቅና ቅመም ይዘው ለገበያ ሲመጡ እኛ ቤት ነው የሚያርፉት። እማማ ስርጉት 'የጋሼ አብዱን ድስት አውርጂ' ሲሉኝ ነው የቀቀልሁበት የእሳቸው እንደሆነ የገባኝ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«አፌን ማን ይክፈተው? ዶሮውን ባርከው አረዱ። ሠራሁ። አቅርቤላቸው ጓሮ ገብቼ ተቀመጥሁ። ጣባው ባዶውን ተመለሰ። እሳቸውም ከዚያን ቀን ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። አወቁብኝ። እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ፣ የሰው ሃይማኖት አስፈረስሁ።»

«ይህን ለማንም አልተናገሩም?» አለች እፀገነት።

«ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። 'ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው፤ ከዚያ በኋላ ትቆርቢያለሽ' አሉኝ። እሳቸው ሞቱ፤ የተተኩትም ያንኑ አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሞጣ የሚያደርስ እግር አጣሁ። ባሌ ቆርቦ ሞተ፤ እኔ ሳልቆርብ ልሞት ነው።»

«ሙሉ ስማቸው ማን ነው?»

«አብዱልዋሂድ። ከዚያ በላይ አላውቅም። ይሄኔ ሞተው ይሆናል።»

«ሞተው ይሆናልና ሞተዋል አንድ አይደለም» አለች እፀገነት።

ወይዘሮ ታንጉት እጇን ያዟት። «ካገኘሻቸው ድስቱን ብቻ ንገሪያቸው። የሠራሁትን እንዳትናገሪ። እሱን በራሴ አፍ ነው የምናገረው።» እፀገነት ማለች። ምን ዓይነት መሐላ እንደሆነ ያወቀችው ሞጣ ስትደርስ ነው።

መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። በተከፈተ ማግሥት «ቅርስ ለማሰባሰብ» የሚል ደብዳቤ አጽፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ውሸት አይደለም፤ ቅርስ ሲባል ዕቃ ብቻ ነው ያለ የለም። ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን አልፋ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ገባች። ጨርቅ መሸጫዎቹን እየዞረች «በበቅሎ ዘመን ቢቸና ይነግዱ የነበሩ አብዱልዋሂድ የሚባሉ» እያለች ጠየቀች። አንደኛው ስለ ሞቱ አንድ አብዱልዋሂድ ነገራት፤ ሁለተኛው ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አብዱልዋሂድ ሆኖ ራሱ ቀረበ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያለችው ሲሃም የምትባል ወጣት ግን መቀሷን አስቀመጠች።

«አያቴን ነው የምትፈልጊው። ሐጂ አብዱልዋሂድ። በደኅና ነው?»

«በድስት ነው» አለች እፀገነት።

ሲሃም ሳቀች። «ከድስት ጋር ከሆነ እሳቸው ናቸው። እኛ ቤት 'የጓዴ ድስት' የሚባል አለ፤ ማንም አይነካውም። እናቴ አንዴ ልትጥለው ብትል አያቴ ሦስት ቀን አላናገሯትም። ጓዴ ማን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።»

እፀገነት ግራ ገባት። ተቀይሞ የቀረ ሰው የተቀየመውን ሰው ድስት አርባ ዓመት ያስቀምጣል? አያስቀምጥም። ታዲያ ካልተቀየመ ለምን ቀረ?

ሐጂ አብዱልዋሂድ ከሱቁ ጀርባ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እፀገነት በስልኳ ያነሣችውን የድስቱን ፎቶ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠርገው አዩት፤ መልሰው ጠርገው አዩት።

«ጓዴ አለ?»

«አርፈዋል፣ ሐጂ። ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።»

ሽማግሌው በዐረብኛ አንድ ነገር አነበነቡና ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ሙሽራዪቱስ? ልጅቱ አለች?»

የቤቱን ሰው ሁሉ ትተው ስለ ሙሽራዪቱ መጠየቃቸው እፀገነትን አስደነገጣት። «አሉ» አለች። «አሁንማ የልጅ ልጅ አይተዋል። ቢመጡልኝ ብለው ነው የላኩኝ።»

«ምን አለችሽ?»

እፀገነት መሐላዋን አስታወሰች። «እሱን ራሳቸው ይነግሩዎታል» አለች። ከዚያ ግን ሳትጠይቅ መሄድ ስላልቻለች፣ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለምን ቀሩ?» አለች።

«ልጅቱ ካለች መልሱ የእሷ ነው» አሉ ሐጂ። «ሙዚየምሽ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ በአራት ሰዓት፣ ሲሃም አያቷን ደግፋ ቢቸና ገባች። እፀገነት ለአስናቀው ደወለች፤ እናቱን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሐጂን ዕቃዎቹን ታስጎበኛቸው ጀመር። እሳቸውም እንደ ሌላው ገበያተኛ ናቸው። የበቅሎውን ኮርቻ ሲያዩ አሠራሩ ልክ አይደለም ብለው ተከራከሯት፤ የተሳሳተውንም በጣታቸው አሳዩአት። እውነታቸውን ነበር።

ወይዘሮ ታንጉት ሲገቡ እፀገነት ጎብኚዎቹን «ለግማሽ ሰዓት ዝግ ነው» ብላ አስወጣቻቸው። ገበያተኛው አጉረመረመ፤ አንዲት ሴትም «ከአህያ አውርጄ ያመጣኋቸውን ልጆች ምን ላድርጋቸው» አለች። እፀገነት በሩን ዘጋች። ራሷም ልትወጣ ነበር፤ ግን ወይዘሮ ታንጉት «አንቺ ሁኚ» አሏት። ቢያስወጧት ኖሮ በሩ ሥር ማዳመጧ አይቀርም ነበርና ከኃጢአት አዳኗት።

ወይዘሮ ታንጉት ሐጂ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ያዟቸው።

«ተይ፣ ተይ። ቁመሽ ንገሪኝ።»

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ያስበላሁዎ…» አሉና ድምፃቸው ተቋረጠ። እንደገና ጀመሩ። «ድስትዎን አርክሼ ነበር። በአላዋቂነት የቤቱን ሥጋ ቀቅዬበት ነበር። በኋላ አወቅሁ፤ አውቄም ዝም አልሁ። ሃይማኖትዎን አስፈረስሁዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አልበላሁትም» አሉ ሐጂ።

ወይዘሮ ታንጉት ቀና አሉ። «ጣባው ባዶውን ነው የመጣ።»

«አዎ፣ ባዶውን ነው የመጣ። እኔ ድስቴን ሳልለቀልቅ አላሠራም ነበር። ዶሮውን አርጄ፣ ውሃ አስመጥቼ ስለቀልቅ ከአፉ ሥር የረጋ ሞራ ጣቴን ነካው። ቀና ብል አንቺ ማድቤቱ በር ላይ ቆመሻል። ፊትሽን አየሁት። ስርጉት ከኋላሽ ናት። ዝም ብዬ ድስቱን ሰጠሁሽ። ስትሠሪ ሸተተኝ፤ ደኅና ሠርተሽው ነበር መሰለኝ። ጓዴ ጭነቱን ሊያሳስር ሲወጣ ወጡን ወደ ስንቅ ቆርቆሮዬ ገለበጥሁት።»

«ለማን ሰጡት?»

«እሱ ነው ጣጣው» አሉ ሐጂ፣ የፈገግታ ቢጤ መጣባቸው። «እኔ እንዳልበላው ድስቱ ተነክቷል፤ ሸክላ የጠጣውን አይተፋም። ጭነኛዬ እንዳይበላው እሱ ክርስቲያን ነው፤ ዶሮውን የባረክሁት እኔ ነኝ። ከቢቸና ወጥቼ መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ድረስ ያን ወጥ ተሸክሜ በምድር ላይ የሚበላው አንድ ሰው አጣሁለት። ለአሞራ ደፋሁት። አሞራ ሃይማኖት አይጠይቅም።»

ሲሃም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እፀገነትም ሳቀች። ወይዘሮ ታንጉት ግን እንባቸው እየወረደ ነበር፤ አርባ ዓመት የተሸከሙት ዕዳ አልነበረም፤ ሰውየው አልበላውም።

«ታዲያ ለምን ቀሩብን? ካልተቀየሙኝ ለምን ቀሩ?»

ሐጂ ዱካው ላይ ተቀመጡ። «ብመጣ ምን ልሁን? በዚያ ድስት ብበላ ከፈጣሪዬ ጋር እጣላለሁ። አልበላም ብል ስርጉት ለምን ትላለች፤ አንቺ ሦስት ወር ያልሞላሽ ሙሽራ፣ በመጣሽበት አህያ ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ። አዲስ ድስት ይዤ ልምጣ ብዬም አስቤ ነበር፤ የፊተኛው ምን ሆነ ይባላል። የዚያን ቀን ፊትሽ አልጠፋብኝ አለ። የሚሻለው መቅረት ነው ብዬ ቀረሁ። ጓዴ ሦስት ጊዜ ሰው ላከብኝ። መጀመሪያ ታምሜአለሁ አልሁ። ቀጥሎ ንግዴን ወደ ባሕር ዳር አዙሬአለሁ አልሁ። ለሦስተኛው መልስ አልሰጠሁም። ይቅርታውንማ የዚያኑ ቀን ነው ያደረግሁልሽ፤ ዛሬ ደግሞ በአፌ ይኸው፣ ይቅር ብያለሁ።»

ይህን ለመስማት ነበር አርባ ዓመት የተጠበቀው። እፀገነት ወይዘሮ ታንጉት እልል ይላሉ፣ ወይም አምላካቸውን ያመሰግናሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ሽማግሌውን በሌላ ዓይን ያዩአቸው ጀመር፤ ፊታቸው ላይ እፎይታውም ኀዘኑም አንድ ላይ ነበር።

«ስለ እኔ ብለው ነው የቀሩት።»

«ስለ አንቺ ነው።»

«ጋሼ፣ የባሌ አባት በገበያ ቀን የትም አይሄዱም ነበር። የበቅሎ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ከመደቡ ብድግ ይሉ ነበር። ሌላ ሰው ሆኖ ሲያገኙት 'አብዱን ምን በድዬው ይሆን?' ይላሉ። እኔ እሰማለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት የገበያ ቀን አለ? ሊሞቱ ሲሉም ጠይቀዋል። እኔ እግራቸውን እያጠብሁ ዝም።»

የሐጂ ፈገግታ ጠፋ። ይህን አላሰቡትም። ወዳጃቸው ተቀይሞ ረስቷቸዋል ብለው ነበር የኖሩት፤ ረስቶኛል ማለት ደግሞ ለቀረ ሰው ይቀላል። ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሲሃም ልትይዛቸው ስትነሣ በእጃቸው መለሷት።

«አንዲት ልጅ አዳንሁ ብዬ ነበር ደስ የሚለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለካ ጓዴን ነው የገደልሁት። የአንቺን ይቅርታ እኔ ሰጠሁሽ። የእኔን ማን ይስጠኝ? ሰውየው የለ።»

ከደጅ ገበያተኛው በሩን ያንኳኳል፤ ማንም አልከፈተም። ወይዘሮ ታንጉት እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። ባላቸው ሞቷል፣ እማማ ስርጉት ሞተዋል፣ አስናቀው በዚያን ጊዜ አልተወለደም። በዚያ ቤት ስም ቃል መስጠት የሚችል እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

«እኔ አለሁ» አሉ። «የባሌ አባት እርስዎን አንድ ቀን ክፉ ተናግረውዎት አያውቁም። ምን በደልሁት ይላሉ እንጂ በደለኝ ብለው አያውቁም። የተቀየመ ሰው በኮቴ አይነሣም፣ ጋሼ። በእሳቸው ስም እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ። ለእኔም ይለምኑልኝ፤ እኔም እሳቸውን በድያለሁ።»

ሐጂ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ።

«እንግዲህ ዛሬ ገበያ ነው» አሉ ወይዘሮ ታንጉት፣ ድምፃቸው ገና አልጠራም። «አዲስ ድስት ገዝቼ፣ ዶሮውን እርስዎ ባርከው፣ ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም።»

ሐጂ አብዱልዋሂድ በሲሃም ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ምሳው ይደርሳል» አሉ። «አስቀድመሽ ጓዴ ዘንድ ውሰጂኝ።»